እትዬ ዳሜጅና የሊፍቱ ገመድ

አክስቴን ፋብሪካው ውስጥ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው የለም። ከጥበቃው እስከ ሒሳብ ክፍሉ ድረስ ሁሉም «እትዬ ዳሜጅ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ለሹፈት ነበር። እሷ ግን ወደደችው። «የእኔስ ስም ሥራዬን ይናገራል፤ የእናንተ ምን ይናገራል?» ትላቸዋለች። እንግዲህ ላወራችሁ የተነሳሁት ስለዚች ሴት ነው። የሰው የሕይወት ታሪክ የሚነገረው ሲሞት ነው ያለው ማን ነው? አክስቴ በሕይወት አለች። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው።

የምንሠራበት ቦታ ባለ አራት ፎቅ የልብስ ፋብሪካ ነው። ምድር ቤት ጨርቅ ይራገፋል፣ አንደኛ ፎቅ ይቆረጣል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ ይሰፋል፣ አራተኛ ላይ ተተኩሶ ይታሸጋል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ኮሌታ እሰፋለሁ። ከታች እስከ ላይ የሚያገናኘን አንድ የዕቃ ሊፍት አለ። በሩ ላይ «ሰው መጫን ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱን የሚያነበው ግን ተጭኖ የሚወጣው ሰው ብቻ ነው። ደረጃው ጠባብና ረጅም ነው፣ ከመግቢያ ሰዓት አንዲት ደቂቃ ያሳለፈች ሴት ደግሞ የግማሽ ቀን ደሞዟ ይቆረጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሃያ ሃያ እየሆንን እንታጨቅበታለን። ኃላፊዎቹ ያዩናል፣ ፊታቸውን ያዞራሉ።

የአክስቴ ሥራ ይህን ሊፍት በየቀኑ ፈረቃው ከመግባቱ በፊት መፈተሽ ነው። ጣሪያው ላይ ወዳለችው የሞተር ክፍል ትወጣለች፤ ወፍራም ጓንት አጥልቃ አንድ ቁራጭ የጥጥ ጨርቅ በብረት ገመዱ ላይ ታንሸራትታለች። ገመዱ የተገመደው ከብዙ ቀጫጭን ሽቦ ነው። ደህና ከሆነ ጨርቁ ሳይደናቀፍ ያልፋል። አንዲት ሽቦ ተበጥሳ ጫፏ ከወጣች ግን ጨርቁን ለቀም አድርጋ ትይዘዋለች። አክስቴ ያንን ከቆጠረች በኋላ ቅጽ ትሞላለች።

መከራው ያለው ቅጹ ላይ ነው። የፋብሪካው ባለቤቶች ባሕር ማዶ ስለሚቀመጡ ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው የሚሞላው። በየቀኑ አንድ መስመር ነው፤ ቀኑ፣ ዕቃው፣ ሁኔታው፣ ፊርማው፤ ከሦስቱ ቅጂ አንዱ ለሊፍቱ ሠራተኛ ይሰጣል። «ሁኔታው» በሚለው ቦታ አንድ ቃል ይጻፋል፤ እነሱም ያቺን ቃል አይተው ወይ ባለሙያ ይልካሉ ወይ አይልኩም። ከቅጹ ጀርባ ቃላቱ ከነመዘዛቸው ታትመዋል። ደካማ ነው ለማለት ዊክ፣ ወይም አልቋል ለማለት ዎርን ከተባለ ሥራው ይቀጥላል፣ ዕቃው በዓይን ይጠበቃል። ዳሜጅድ ከተባለ በሳምንት ውስጥ ይጠገናል። ብሮክን ከተባለ ግን ወዲያው ይቆማል፤ የሊፍቱ ሠራተኛ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም አይነካውም።

ከአክስቴ በፊት ሥራው ላይ የነበሩት ሽማግሌ እጃቸው የተባረከ መካኒክ ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ግን አንዲት ቃል ናት፤ ዊክ። እሷንም የተማሯት ከመኪና ባትሪ ነው። በእሳቸው ዘመን ቀበቶው ዊክ፣ ገመዱ ዊክ፣ የሞተሩ ድምፅ ዊክ፣ መብራቱ ዊክ ነበር። አንድ ቀን ሻዩንም ዊክ ነው ብለው የክበቡን ሴትዮ አስቀይመዋታል ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ለአክስቴ ያስረከቧት ጓንቱንና አንድ ምክር ነው። «ልጄ፣ የትናንቱን መስመር እያየሽ ገልብጪ። አዲስ ቃል ከጻፍሽ ይጠይቁሻል፤ ከጠየቁሽ ደግሞ መልስ የለሽም።»

አክስቴም ገለበጠች። ስድስት ዓመት ሙሉ ገለበጠች። ገመዱ ዕድሜው ደርሶ በአዲስ በተቀየረበት ሳምንት እንኳን ዊክ ብላ ጽፋለች። ይህን ስታወራ እስካሁን ፊቷ ይቀላል፤ እኔ ግን በእሷ አልፈርድም፤ መላው ፋብሪካ እንዲያ ነበር የሚሞላው። የእሳት ማጥፊያው ዊክ ነበር፣ የመጸዳጃ ቤቱም በር ዊክ ነበር። ማንም ቃሉን አይቶ ዕቃውን አያይም፣ ዕቃውን አይቶም ቃል አይመርጥም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጨርቁ ገመዱ ላይ ተያዘባት። ሦስት ሽቦ ተበጥሷል። ወርዳ፣ ሌላ ቃል ስለማታውቅ፣ በደማቁ ዊክ ብላ ጻፈችና ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ጀመረች። ሳምንት ሆነ፣ ማንም አልመጣም። ሁለት ሳምንት ሆነ። በመጨረሻ የቢሮውን ጸሐፊ ለምና ባሕር ማዶ አስደወለች። የመጣላት መልስ አጭር ነበር። «ሊፍታችሁ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዊክ ነው። ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?»

ያን ዕለት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው የነገረችን። እየሳቀች ጀመረች፣ እየተቆጣች ጨረሰች። «እውነቴን በተናገርኩበት ቀን የሚሰማኝ አጣሁ! ማን አደረገው? እኔው ነኝ። ቃሏን በየቀኑ እየጠራሁ ጨረስኳት።» የአክስቴ ባል ጆሮው ስለማይሰማ ከንፈሯን እያየ «ማን ሞተ?» አለ። «እስካሁን ማንም አልሞተም!» ብላ ጮኸችበት። በማግስቱ ከሰልባጅ መጻሕፍት ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዛ መጣች።

አክስቴ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። እኔን፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ እሷ ያሳደገችኝን፣ አሥራ ሁለተኛ አስጨርሳኛለች። ስለዚህ አስተማሪዋ እኔ ሆንኩ። በምሳ ሰዓት የጣሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጠን እኔ ቃሉን አነብላታለሁ፣ እሷ ትደግመዋለች። በሦስት ወር ውስጥ ግን አስተማሪነቴ ለአነባበቡ ብቻ ቀረ፤ በትርጉሙ ጥላኝ ሄደች። እኔ እኮ ቃል የሸመደድኩት ለፈተና ነው። እሷ የምትፈልገው ቃሉ የት እንደሚውልና የት እንደማይውል ነበር።

«በእኛ ቋንቋ ወተት ይበላሻል፣ ብረት ይዝጋል፣ ልብስ ያልቃል፣ ዓይን ይደክማል፣ ቅስም ይሰበራል፣ ስም ይጠፋል» ትለኛለች ጣቷን እያጠፈች። «‹ወተቱ ዛገ› ብትዪኝ አበደች ነው የምልሽ። ታዲያ እንግሊዝኛ እንዴት በአንድ ዊክ ብቻ ይኖራል?» ደብተር ገዝታ ለእያንዳንዱ ቃል ከቤታችን አንድ ነገር ፈለገችለት። ኮሮድ የዛገው የውኃ ቧንቧችን ሆነ፤ ለብረት ነው አለች። ኢሮድ ዝናቡ ከጓሯችን አፈር ላይ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ቀስ እያለ ስለሚወስድ ለመተማመንም ይባላል። ስፖይል ለምግብና ለልጅ ነው፤ ከጎኑ በትንንሽ ፊደል የእኔን ስም ጽፋበታለች። ሀርም ጤናንም ስምንም ያገኛል። ኢንጁር የሚባለው ሰው ነው፤ «የሰው እግር ተሰብሮ ዳሜጅ ብለው የሚጽፉ አሉ። ሰው ካርቶን ነው እንዴ?» አለችኝ፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል። አንደርማይን የሚለውን ስታገኝ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «ከሥር መቆፈር። ግድግዳው ቆሞ ይታይሻል፣ አንቺም ተደግፈሽው ትተኛለሽ።»

ከዚህ ሁሉ ቃል ልቧ ውስጥ የገባው ግን ኢምፔር ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባሏ የእነዚሁ ባለቤቶች በሆነ የጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት በሽመና መኪና ላይ ሠርቷል። ጆሮው እየጠፋ ሲሄድ ከሥራ አሰናበቱትና አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱ ዓመታት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ኖረ፤ ማን ያንብበው? አክስቴ መዝገበ ቃላቱን ከገዛች በኋላ አንድ እሑድ አወጣችው። መስማት በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው ዊክ ነበር።

ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። «ዊክ ማለት እንዲያው ደካማ ነው አይደል? አብሮት የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ማንም ምንም አላደረገውም ማለት ነው።» «አዎ» አልኳት። «ኢምፔርድ ማለት ግን ደህና ነበረ፣ ኋላ ጎደለ ማለት ነው። ዳሜጅድ ማለት ደግሞ የጎዳው ነገር አለ ማለት ነው።» «አዎ።» «የዚህ ሰውዬ ጆሮ እኮ የሰፈሩን ሰው ሐሜት ከሦስት ቤት ወዲያ ይሰማ ነበር! መኪና ጮኾበት ነው! በአንዲት ቃል ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ አንስተው ጆሮው ላይ ጫኑት!» አለቀሰች። አክስቴ ስታለቅስ ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው እናቴ የሞተች ቀን ነበር። ባሏ ከንፈሯን አይቶ ምን እንደሆነ ገባው መሰለኝ፤ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ከዚያ በኋላ አክስቴን የሚያቆማት አልተገኘም። በየፎቁ እየዞረች የሰውን ቅጽ ማረም ጀመረች። የእሳት ማጥፊያውን ተቆጣጣሪ «ዊክ አይደለም፣ ባዶ ነው!» ብላ አፋጠጠችው። «ዳሜጅድ እንጂ ዊክ አይደለም» ማለት ስለምታበዛ «እትዬ ዳሜጅ» የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው። በሊፍቱም በኩል የተበጠሰው ሽቦ ዘጠኝ ሲደርስ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳሜጅድ የሚል ቃል ቅጹ ላይ ሰፈረ። ባሕር ማዶ ያሉት ደነገጡ። በአራተኛው ቀን ባለሙያ መጣ፣ ገመዱን አየ፣ «ይቀየር» ብሎ ሄደ።

ገመዱ ግን አልተቀየረም። እዚህ ላይ ነው ሥራ አስኪያጃችን የሚገባው። ሠራተኛው «ለስላሳው» ነው የሚለው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ ሲያባርርህ እንኳን የመረቀህ ይመስልሃል። ገመድ ለመቀየር ሊፍቱ አራት ቀን መቆም አለበት፤ እሱ ደግሞ በወሩ መጨረሻ የሚጫን ትልቅ ትእዛዝ ነበረው። ዛሬ ነገ እያለ አቆየው። የተበጠሰው ሽቦ አሥር ሆነ። አንድ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሰባት ሆነ። ሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው መመሪያ መሠረት በአንድ ክንድ ርዝመት ውስጥ ከአሥር ካለፈ ገመዱ የሞተ ነው። አክስቴ ወርዳ ብሮክን ብላ ጻፈች።

ቅጹ ከእጇ ሳይወጣ ቢሮ አስጠራት። እኔንም ከስፌት መኪናዬ ላይ አስነስቶ አስጠራኝ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ወንበር ሰጠን።

«እትዬ፣ እርስዎ እናታችን ነዎት» አለ። «ይህቺን አንድ ቃል ብቻ እናስተካክላት።»

«አንድ ቃል ብቻ ከሆነች ለምን አስጠሩኝ?»

ፈገግ አለ። «ብሮክን ማለት እኮ ሁለት ላይ የተበጠሰ ማለት ነው። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ሊፍቱ ይኸው እየሄደ ነው። እስከ ወር መጨረሻ፣ አሥር ቀን ብቻ፣ ለዘብ ያለ ቃል እንጠቀም። እኔም አስቤበታለሁ። ኢምፔርድ ቢባልስ? ሥራው አይቆምም። ጥሩ ቃል ነው፤ የተማረ ሰው የሚጽፈው ነው። ውሸትም አይደለም።»

አክስቴን አየኋት። እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ፤ ጣቶቿ ተቆላልፈዋል።

«ኢምፔርድ» አለች ቀስ ብላ። «ለዓይንና ለጆሮ የሚባለው?»

«ለብዙ ነገር ይባላል።»

«ለባሌ ጆሮ ስትጽፉ ይህ ቃል የት ነበር? ለሰውየው ዊክ ብላችሁ ሰደዳችሁት፤ አሁን ለሽቦ ኢምፔርድ ታመጡልኛላችሁ? ጌታው፣ ገመድ ጆሮ የለውም። አሥራ ሰባት ሽቦ ተበጥሷል፤ አሥራ ሰባቱም ሁለት ሁለት ላይ ነው የተበጠሱት። ከታች ሃያ ሴት ይገባበታል። አልጽፍም።»

ለስላሳው ግንባሩን ቋጠረ። «እርስዎ» ማለቱን የተወው በዚያች ቅጽበት ነው። «ስሚ፤ አንቺ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ማን ነሽ?»

«ፈታሽ ነኛ!»

ቅጹን ከእጇ ወሰደና መሐል ለመሐል ቀደደው። ከዚያ ጓንቱን እንድታስረክብ አዘዛት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምድር ቤት ክር ለቀማ ተመደበች። ክር ለቀማ ማለት ከተሰፋ ልብስ ላይ የተረፈ ክር በመቀስ መቁረጥ ነው፤ ዓይናቸው ጥሩ የሆነ አዲስ ገቢ ልጆች ነው የሚሠሩት። ከሰዓት በኋላ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። በእንግሊዝኛ ነበር፣ አውቆ ነው። እያነበብኩላት አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። የአስተዳደሩን ሥልጣን አንደርማይን አድርጋለች ይላል።

«ወይ ጉድ! ለእኔ ነው?» አለች፣ ሳቋ መጣ። «እኔ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ስንት እንደተበጠሰ በብርሃን የምቆጥረው፣ ከሥር የምቆፍር ሆንኩ? ይህ ሰውዬ ቃሉን ራሱን በመስታወት እያየ ነው የጻፈው።» ክር ለቃሚዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ለስላሳው ለምን እንዳስጠራኝ የገባኝ ያኔ ነው። ከደብዳቤው ጋር ለእኔ ጓንቱንና አንዲት የምደባ ወረቀት ላከልኝ። ከነገ ጀምሮ የሊፍቱ ፈታሽ እኔ ነኝ። ደሞዜም ትንሽ ከፍ ይላል።

ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ አብረን ሄድን። ፀሐይ ገና አልገባችም። እንድትነግረኝ ጠበቅኩ፤ ምን እንደምጽፍ፣ ብሮክን ብዬ ብባረር ምን እንደምንበላ፣ ሦስት ሰው በአንድ ክር ለቃሚ ደሞዝ እንዴት እንደሚኖር። እሷ ስለ ሽንኩርት አወራች። ሽንኩርት ገዛች፣ ተከራከረች፣ አስጨመረች። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና መንገድ ላይ ቆምኩ።

«ምን ልጻፍ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ? ነገ ገመዱ ምን እንደሚመስል አላየሁም።»

«አትቀልጂብኝ!»

«አልቀለድኩም። ስድስት ዓመት የሰው ቃል ገልብጫለሁ። አንቺ ደግሞ የእኔን እንድትገለብጪ አልፈልግም። ነገ ውጪ፣ ጨርቁን ያዢ፣ ያየሽውን ጻፊ። ጓንቱን ግን እንዳታወልቂ፤ ሽቦው ሥጋ ይበላል።»

እውነቱን ልናገር? ጠላኋት። እሷ ትክክለኛ ስለሆነች ሸክሙ የእኔ መሆኑ አናደደኝ። ቤት ደርሰን ባሏ ሳህን አቀብሎኝ «ፈታሽ ሆንሽ አሉ!» ብሎ በደስታ ሲጮህ፣ ሳህኑን ተቀብዬ ፊቴን አዞርኩ። ለእሱ የተነገረው የደሞዜ ጭማሪ ብቻ ነበር።

ጠዋት ወጣሁ። የሞተር ክፍሏ የዘይት ሽታ አላት፤ በአንዲት ትንሽ መስኮት ብርሃን ይገባል። ጨርቁን ገመዱ ላይ አድርጌ ጨበጥኩና ማንሸራተት ጀመርኩ። አንድ ስንዝር ሳልሄድ ተያዘ። አላቀቅኩት፣ ገፋሁ፣ ተያዘ። ቀጥ ብለው የወጡት የሽቦ ጫፎች ያብረቀርቃሉ፤ አዲስ የተበጠሱ ናቸው ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ላይ መቁጠሬን አቆምኩ፤ ደሜ ፈላ። ይህንን ሰውዬው ያውቃል! አይቶታል፣ ባለሙያ ነግሮታል፣ አክስቴ ነግራዋለች፤ እኔም ከሃያዎቹ አንዷ ሆኜ በየቀኑ ስገባበት በፈገግታ እያየኝ ነው! ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብሮክን ብዬ ጻፍኩ።

ምድር ቤት ስደርስ ሴቶቹ ሊፍቱ በር ላይ ተሰልፈዋል። የሊፍቱ ሠራተኛ፣ ዝምተኛው ሰውዬ፣ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ለስላሳውም ቆሟል፤ እየጠበቀኝ ነው። አክስቴ ከክር ለቀማው ጠረጴዛ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ሦስቱን ቅጂ ለሊፍቱ ሠራተኛ ልሰጥ ስዘረጋ ለስላሳው ቀደመኝና ወሰደው። አነበበ። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም።

«ይቺ ፊርማ የላትም» አለ ለሠራተኛው። «ፊርማ የሌለው ወረቀት፣ ወረቀት አይደለም። ሴቶቹ ይግቡ፣ ሰዓት እየሄደ ነው።»

እውነቱን ነው፤ አልፈረምኩም ነበር። ረስቼ አይደለም። ፈርቼ ነው። ቃሉ ብቻውን፣ ያለ እኔ ይሠራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሁለት ሴቶች ገቡ። ሦስተኛዋ እግሯን አነሳች።

«አትግቡ!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «ገመዱ ተበጣጥሷል። አሥራ ዘጠኝ ድረስ ቆጠርኩ፣ ገና አልጨረስኩም። ከአሥር ካለፈ የሞተ ነው ይላል መመሪያው።»

«ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው» አለ ለስላሳው ለሴቶቹ። «ገመዱ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ምንም አልሆነም።»

ያኔ ነው የሊፍቱ ሠራተኛ፣ በዓመት ሦስት ቃል የማይወጣው ሰው፣ ጉሮሮውን የጠረገው። «ጌታው፣ እርስዎ ግን ከባለፈው ወር ጀምሮ በደረጃ ነው የሚወጡት።»

የገቡት ሁለት ሴቶች ወጡ። አንዷ በሩን ሳትነካ፣ ልብሷን ሰብስባ፣ እንቅልፍ የያዘውን ሕፃን ላለመቀስቀስ እንደሚወጣ ሰው ነው የወጣችው። ሠራተኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኔ ቁልፉን መንቀል እችላለሁ፤ ግን ሳይፈረም ከነቀልኩ ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ሴቶቹም ነገ ተመልሰው ይገባሉ» አለ። እንደ ልመና ነው ያለው።

እስክሪብቶዬን ጣሪያው ላይ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ከለስላሳው የሸሚዝ ኪስ ላይ የራሱን መዘዝኩ። አሁን ሳስበው ከየት ያገኘሁት ድፍረት እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቱን ከእጁ ላይ ስቤ፣ የሊፍቱ በር ላይ አስደግፌ፣ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ ለሠራተኛው ሰጠሁት። ሰውዬው ቁልፉን ነቀለና ኪሱ ከተተው፤ የሊፍቱ መብራት ጠፋ። ሴቶቹ ወደ ደረጃው ዞሩ፤ አንድ መቶ ምናምን ጫማ ደረጃውን ሲረግጥ ሕንፃው ሁሉ ይሰማው ነበር።

ለስላሳው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «ተባረሻል! ሰማሽ? አሁኑኑ ተባረሻል!»

አክስቴ መቀሷን አስቀምጣ ተነሳች። መጥታ አጠገቤ ቆመች። እስክሪብቶውን ኪሱ ላይ መልሼ ሰካሁለት።

«በጽሑፍ ይስጡኝ» አልኩት። «ቃሉን ግን አስተውለው ይምረጡ። አክስቴ ታነበዋለች።»